መመለሻ ያጣ ጠርሙስ፤ ስለ ጠርሙስ ግንብ ታሪክ አጭር ጥናት

መግቢያ

ታሪክን የሚማር ሰው ብዙውን ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው ነገሥታት ባሳነጿቸው ሕንጻዎች ላይ ነው። ሰው ተጠቅሞበት በጣለው ዕቃ የተሠራ ቤት ግን ለወሬ እንጂ ለምርምር የሚበቃ አይመስለውም። የእኛም አሳብ አስቀድሞ እንዲሁ ነበረ። ከባዶ ጠርሙስ ስለ ተሠሩ ቤቶች መጀመሪያ የሰማን ጊዜ ነገሩን የአንዳንድ ሥራ ፈት ሰዎች ጨዋታ አድርገን ቈጥረነው ነበር። ነገር ግን የእያንዳንዱን ቤት ዘመንና ቦታ፣ የጠርሙሱንም አመጣጥ ስንመረምር ግንቦቹ አንድ ዐይነት ምስክርነት የሚሰጡ ሆነው አገኘናቸው። ምስክርነታቸውም ስለ ግንበኛው ብልሃት ብቻ ሳይሆን ስለ ንግድና ስለ መንገድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም የጠርሙስ ግንብ የሚነሣው ድህነት ባለበት ሁሉ ወይም ብልህ ግንበኛ በተገኘበት ሁሉ ሳይሆን፣ ጠርሙሱ ከሌላ ስፍራ መጥቶ መመለሻ ባጣበት ቦታ ነው የሚል ነው። ይህ አሳብ እውነት ከሆነ ከታሪክ አልፎ ለዛሬው የቤት ችግራችን የሚነግረን ነገር ይኖረዋል፤ እርሱንም በመጨረሻው ክፍል እንመለከተዋለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ የተቈጠሩት በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

የሮማ ጋኖች

የብርጭቆ ጠርሙስ በርካሽ መሠራት ከመጀመሩ በፊት በንግድ ዓለም የጠርሙስን አገልግሎት ይሰጥ የነበረው የሸክላ ዕቃ ነው። በሮማ መንግሥት ዘመን የወይራ ዘይት ከደቡብ እስጳንያ ተጭኖ በመርከብ ወደ ሮማ ከተማ ይመጣ የነበረው በትልልቅ የሸክላ ጋኖች ነበረ። ዘይት ወደ ሸክላው ገላ ይሰርጋል፤ የሰረገውም ዘይት ውሎ አድሮ ይሸታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ዘይት የያዘ ጋን ለሌላ ዘይት አይመችም፤ ባዶውን ወደ እስጳንያ መልሶ ለመጫንም ትርፉ ከድካሙ አይተካከልም። ሮማውያንም እነዚህን ጋኖች በቲቤር ወንዝ አጠገብ እየሰባበሩ በሥርዓት ከመሯቸው። ክምሩ እስከ ዛሬ ድረስ 35 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ኮረብታ ሆኖ ይታያል፤ ስሙም ሞንቴ ቴስታቾ ይባላል። የጋኖቹን ብዛት ሊቃውንቱ ከ50 ሚሊዮን በላይ አድርገው ይገምቱታል።

ለጥናታችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከስብራት የተረፉት ጋኖች የደረሰባቸው ዕድል ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የሮማ ግንበኞች ባዶ ጋኖችን በቀስተ ደመና ቅርጽ በሚሠሩት ጣሪያዎች ውስጥ እየቀበሩ ያንጹ ነበር። ምክንያቱም ባዶ ጋን በውስጡ አየር እንጂ ድንጋይ ስለሌለበት የጣሪያውን ክብደት ያቃልለዋል። ይህ አሠራር በማክሴንትዮስ የሰረገላ እሽቅድምድም ሜዳ ፍርስራሽ ላይ ይታያል። እንደዚሁም በአገራችን ስሟ በመስቀል በዓል የሚነሣው የቈስጠንጢኖስ እናት የንግሥት እሌኒ የመቃብር ሕንጻ በዚህ ዐይነት የተሠራ ነው፤ በጣሪያው ውስጥ ከታዩት ማሰሮዎች የተነሣም የሮማ ሕዝብ ቦታውን ቶር ፒኛታራ ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም የማሰሮዎቹ ግንብ እንደ ማለት ነው። እንግዲህ የታላቅዋ ንግሥት መቃብር እንኳ ከጭነት ዕቃ ጋር ተገንብቷል ማለት ነው። በተጣለ ዕቃ መገንባት የድኻ ብቻ ሥራ ነው የሚለው አሳብ ገና ከጥንቱ የማይጸና መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የራዮላይት ቤት

ከሮማ ዘመን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ጠርሙስ በእስትንፋስ እየተነፋ አንድ በአንድ የሚሠራ ውድ ዕቃ ስለ ነበረ ማንም ለግንብ አያውለውም ነበር። ይህን የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሉዊ ፓስተር መጠጥ በሙቀት ታክሞ ሳይበላሽ እንዲቈይ ማድረግ እንደሚቻል ማስረዳቱ ነው። ከዚህም በኋላ በሴይንት ሉዊስ ከተማ የነበረው የአንሃይዘር ቡሽ ፋብሪካ ቢራውን በዚህ ዘዴ እያከመ በጠርሙስ ወደ ሩቅ አገር መስደድ ጀመረ። ሁለተኛው ማይክል ኦውንስ የተባለ አሜሪካዊ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ጠርሙስን ያለ ሰው እስትንፋስ የሚሠራ መኪና መፈልሰፉ ነው። በዚህ ምክንያት ቢራ ጠማቂው ከማያውቀው ምድረ በዳ ድረስ ይደርስ ጀመር፤ ጠርሙሱም ከቢራው ጋር ይደርሳል።

በ1904 በአሜሪካ በኔቫዳ ክፍል፣ የሞት ሸለቆ ከሚባለው በረሃ አጠገብ ወርቅ ተገኘ። ወዲያውኑም ሕዝብ ከየአገሩ ጐርፎ ራዮላይት የተባለች ከተማ ተቈረቈረች። በዚያ ስፍራ ለቤት የሚሆን ዛፍ የለም፤ የሚበቅለው የጆሽዋ ዛፍ የሚባለው የበረሃ ተክል ነው፤ ጠማማና ቡሽ መሳይ ስለ ሆነም ሳንቃ አይወጣውም። ሳንቃ ከሩቅ ተጭኖ ሲመጣ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። መጠጥ ቤት ግን ሞልቶ ነበር። ቶም ኬሊ የተባለ ከአውስትራልያ የመጣ ሽማግሌ ግንበኛ ይህን አይቶ ከየመጠጥ ቤቱ ባዶ ጠርሙስ እየሰበሰበ ከ1905 እስከ 1906 ባለው ጊዜ ውስጥ ሦስት ክፍል ያለው ቤት በጭቃ እያያዘ ሠራ። የጠርሙሱን ብዛት አንዳንዶች 30,000 ሌሎችም 50,000 ያደርሱታል። የቁጥሮቹ መራራቅ ራሱ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ውድ የሆነ ዕቃ ተቈጥሮ ይገዛል፤ የተጣለን ዕቃ ግን ማንም አይቈጥረውም።

አሁን ስለ መንገዱ እንመልከት። ቤቱ ተሠርቶ ያለቀው በ1906 መጀመሪያ ሲሆን የመጀመሪያው ምድር ባቡር ራዮላይት የገባው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ስለዚህ ኬሊ የሰበሰባቸው ጠርሙሶች የመጨረሻውን ጉዞ ያደረጉት በእንስሳት በሚጐተት ጋሪ ላይ ነበረ። ሙሉውን ጠርሙስ በበረሃ አቋርጦ ለማምጣት የተጠማ ሠራተኛ ዋጋውን ይከፍላል፤ ባዶውን ለመመለስ ግን የሚከፍል የለም። እንደ ሮማው ጋን ሁሉ የራዮላይትም ጠርሙስ የአንድ አቅጣጫ መንገደኛ ነበረ። ኬሊ ያደረገው መንገደኛውን በቆመበት መትከል ነው።

የከተማይቱ ዕድሜ አጭር ሆነ። በ1907 በአሜሪካ የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ጐዳት፤ ትልቁ የወርቅ ማውጫ በ1911 ተዘጋ፤ በ1916 የኤሌክትሪክ መብራቷ ተቋረጠ። ዛሬ የባለ ሦስት ፎቁ ባንክ ግድግዳ ፍርስራሽ ሆኖ ሲቀር የጠርሙሱ ቤት ግን ቆሞ ይታያል። ከዚህ ተነሥተን ጠርሙስ ከድንጋይ ይልቅ ይጸናል ብንል ግን እንሳሳታለን። ቤቱን በ1925 ፓራማውንት የተባለው የፊልም ኩባንያ ለፊልም ሥራ ብሎ አድሶታል፤ ከዚያም ወዲህ ለጐብኚዎች ተብሎ ተጠብቋል። ያቈየው ጽናቱ ብቻ ሳይሆን እንግዳነቱም ነው።

ስለ ግንቡ አሠራር

ወደ ሌላው ምሳሌ ከመሻገራችን በፊት ግንቡ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። ጠርሙሶቹ በአግድም ይጋደማሉ፤ መቀመጫቸው ወደ ውጭ፣ አንገታቸው ወደ ውስጥ ይሆናል። በመካከላቸውም ጭቃ ወይም ስሚንቶ ይሞላል። ብርጭቆ ውሃ ስለማይመጥና ገላው ልሙጥ ስለ ሆነ እንደ ሸክላ ጡብ ከጭቃው ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ ክብደቱን በብዛት የሚሸከመው ጠርሙሱ ሳይሆን በመካከል ያለው ማያያዣ ነው።

ይህን በሒሳብ ለመረዳት የሚከተለውን ምሳሌ አድርገናል። የጠርሙሱ መቀመጫ ስፋት 7 ሳንቲ ሜትር፣ በየመካከሉ የሚገባው ጭቃ 2 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ረድፎቹ ቀጥ ብለው ቢደረደሩ በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 120 ያህል ጠርሙስ ይገባል። የጠርሙሶቹን ክብ ገጽ ብንደምረው ከካሬ ሜትሩ ግማሽ አይሞላም፤ ከግማሽ የሚበልጠው ጭቃ ወይም ስሚንቶ ነው። በየማዕዘኑ 4 ሜትር፣ በቁመት 2 ሜትር ተኩል ለሆነች አንዲት ክፍል በርና መስኮት ሳይቀነስ 4,800 ጠርሙስ ያስፈልጋል ማለት ነው። እንግዲህ ጠርሙሱ በነጻ ቢገኝም ግንቡ በነጻ አይገኝም። ኬሊ በዚህ አልተቸገረም፤ ጭቃው ከእግሩ በታች ነበረና። ስሚንቶ በዋጋ ለሚገዛ ድኻ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የቅርጽም ነገር አለ። በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍል፣ ቦስዌል በተባለ ቦታ ዴቪድ ብራውን የሚባል ሰው ከ1952 ጀምሮ 500,000 በሚሆኑ ጠርሙሶች ቤት ሠርቷል። ሰውየው ቀድሞ ሥራው ቀብር ማስፈጸም ነበረ፤ ጠርሙሶቹም ሬሳ እንዳይበላሽ የሚደረግበት መድኃኒት የነበረባቸው ናቸው። ማዕዘን ያላቸው በመሆናቸው ከክቡ ጠርሙስ ይልቅ ለመደርደር ይመቻሉ። እንዲህ ያለውን ጠርሙስ አጥቦ ቢራ ወይም ወተት የሚሞላበት ሰው አይገኝም። በዚህ ጊዜ መመለሻውን የዘጋው የመንገዱ ርቀት ሳይሆን የሰው መጸየፍ ነው። ውጤቱ ግን አንድ ሆነ።

የዓለም ጠርሙስ

እስካሁን ያየናቸው ጠርሙሶች በአጋጣሚ ግንብ የሆኑ ናቸው። ከመጀመሪያው ጡብ ይሆን ዘንድ ታስቦ የተሠራ ጠርሙስ ግን በሆላንድ አገር ተገኝቷል። በ1960 አልፍሬድ ሄኒከን የተባለው የቢራ ፋብሪካ ባለቤት በካሪብያን ባሕር ያለችውን፣ ያን ጊዜ ከኔዘርላንድስ አንቲልስ አንዷ የነበረችውን የኩራሳው ደሴት ጐበኘ። እዚያም ሁለት ነገር አየ። የባሕሩ ዳርቻ በባዶ ጠርሙስ ተሞልቷል፤ ሕዝቡም የቤት መሥሪያ አጥቶ ይቸገራል። በሆላንድ ባዶው ጠርሙስ ወደ ፋብሪካ እየተመለሰ፣ እየታጠበ ብዙ ጊዜ ይሞላ ነበር፤ ከኩራሳው ግን ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመለስበት መንገድ አልነበረም። ያው አንዱ ጠርሙስ በሆላንድ ገንዘብ፣ በኩራሳው ጥራጊ ነበረ ማለት ነው። ለአሳባችን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘንም።

ሄኒከን ጆን ሃብራከን የተባለውን የሕንጻ ንድፍ ዐዋቂ ጠርቶ ሲጠጣ ጠርሙስ፣ ሲያልቅ ጡብ የሚሆን ዕቃ እንዲያወጣለት ጠየቀው። ሃብራከንም ጐኑ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ አጭር፣ መቀመጫው ጐድጐድ ያለ ጠርሙስ ነደፈ። የአንዱ አንገት በሌላው መቀመጫ ጐድጓዳ ውስጥ ይገባል፤ ጐኑም ስሚንቶ እንዲይዘው ትንንሽ ጕብጕብታ አለበት። ስሙንም ዎቦ አሉት፤ የዓለም ጠርሙስ ለማለት ነው። በ1963 በትልቅና በትንሽ መጠን 100,000 ያህል ተሠራ። ሄኒከን በኖርድዋይክ በነበረው ርስቱ ላይ በእነዚሁ ጠርሙሶች አንዲት ትንሽ ቤት ተሠራች። ጠርሙሱ ግን ለገበያ ሳይወጣ ቀረ፤ ለኩራሳውም ድኾች ቤት አልሆነም።

ይህ ሥራ የከሸፈበትን ምክንያት በበኩላችን ከነገሩ ባሕርይ እንፈልገዋለን። ቢራ በውስጡ የታመቀ አየር ስላለው ጠርሙሱን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ይህን ግፊት በቀላሉ የሚችለው ክብ ቅርጽ ነው፤ ጠፍጣፋ ጐን ወፍራም ብርጭቆ ይሻል። ስለዚህ ጥሩ ጡብ የሆነ ጠርሙስ ጥሩ የቢራ ጠርሙስ መሆን ያስቸግረዋል። ከዚህም በላይ ጠርሙሱ በሚመለስበት አገር ጡብ መሆኑ ለማንም አይጠቅምም። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ይህ ነው፤ ንድፉ ሲወጣ የጠርሙሱ ባለቤትና ንድፍ ዐዋቂው ተማከሩ እንጂ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው አልተጠየቀም። ነገሩን የሚያስገርመው ሃብራከን ራሱ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነዋሪው በቤቱ አሠራር ላይ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል ብሎ የተከራከረ ሰው መሆኑ ነው።

ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

አንድ አንባቢ፣ «የጠርሙስ ግንብ የሚነሣው መመለሻ በጠፋበት ቦታ ብቻ ከሆነ የታይላንዱን ቤተ መቅደስ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሲሳኬት ክፍለ አገር ዋት ፓ ማሃ ቼዲ ኬው የተባለው ገዳም መነኰሳት ከ1984 ጀምሮ ጠርሙስ ሰብስበው ከ1,500,000 በሚበልጥ ጠርሙስ ቤተ መቅደስ፣ የመነኰሳት መኖሪያና ሌሎች ሕንጻዎች ሠርተዋል። አረንጓዴውና ቡናማው የቢራ ጠርሙስ እየተፈራረቀ ግድግዳውን አስጊጦታል፤ ቆርኪው እንኳ ለሥዕል ውሏል። ይህ ሁሉ ጠርሙስ ፈጽሞ መሸጫ አጥቶ ነበር ለማለት አንደፍርም።

ሆኖም ይህ ምሳሌ አሳባችንን ያርመዋል እንጂ አያፈርሰውም። ጠርሙሱን ያመጣው ሕዝብ ለገዳሙ የሰጠው እንደ ስጦታ ነው፤ የሠሩትም መነኰሳት የቀን ሙያተኛ ዋጋ አልጠየቁም። እንግዲህ የጠርሙስ ግንብ የሚቆምባቸው ሁኔታዎች ሁለት ናቸው ማለት ይገባናል። አንደኛው ጠርሙሱ መመለሻ ያጣ እንደ ሆነ ነው፤ ሁለተኛው ባለቤቱ ከገንዘብ ለሚበልጥ ነገር ብሎ መመለሻውን የተወው እንደ ሆነ ነው። ከሁለቱም ውጭ በሆነ ጊዜ፣ ማለት ጠርሙሱ የሚሸጥና ሠራተኛውም የሚከፈለው በሆነ ጊዜ፣ ግንቡ ከጡብ ይልቅ ይወደዳል።

ስለ አገራችን

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በአዲስ አበባ የቢራ ፋብሪካ ከቆመ ከ1922 ጀምሮ ስንቈጥር መቶ ዓመት አልፏል። ይህን ያህል ዘመን ቢራ በጠርሙስ ሲጠጣ የጠርሙስ ቤት በአገራችን የተለመደ ያልሆነው ስለ ምንድን ነው? ግንበኞቻችን ብልሃት አጥተው ነው ሊባል አይችልም። መልሱን ከጠዋት ጀምሮ በየመንደሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚጮኸው ሰው ይሰጠናል። ጠርሙስ በአገራችን መመለሻ አለው። ባለ ሱቁ ባዶውን ሳጥን ሳያስረክብ ወይም መያዣ ሳይከፍል ሙሉውን አይወስድም። ወደ ፋብሪካ የማይመለሰውም ጠርሙስ ቢሆን በቆራሌው ከረጢት ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይወርዳል፤ ከዚያም ዘይት፣ ማር ወይም አረቄ ይዞ እንደገና ወደ ቤት ይገባል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የግቢው አጥር ጫፍ ላይ በስሚንቶ የተተከለ የጠርሙስ ስብርባሪ እናይ ነበር። ያን ጊዜ የምናስበው ሌባን ስለ መከልከሉ ብቻ ነበረ። አሁን ስናስበው ግን አጥሩ ላይ የነበረው ስብርባሪ እንጂ ደኅና ጠርሙስ አልነበረም። ደኅናው ዋጋ ስላለው ከአጥር ላይ አይወጣም፤ ወደ ግንብ የሚሄደው መሸጥ ያቃተው ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ነገር የራዮላይትን ታሪክ ገልብጣ ታሳየናለች።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ቀላል አይደለም። ከጊዜ ወደ ጊዜ ለድኻ ቤት የሚሆን ርካሽ ዕቃ ሲፈለግ የጠርሙስ ቤት እንደ መልካም ምክር ይቀርባል። እኛ ግን ከምክሩ በፊት ጠርሙሱ በእርግጥ የተጣለ መሆኑን መጠየቅ ይገባል እንላለን። 4,800 ጠርሙስ ለአንዲት ክፍል ግድግዳ ብንሰበስብ ከምድር ላይ ጥራጊ ማንሣታችን ሳይሆን ከቆራሌው እጅ እንጀራ መውሰዳችን ሊሆን ይችላል። በጐደለውም ፈንታ ፋብሪካው አዲስ ጠርሙስ ለማቅለጥ እሳት ያነዳል።

የፕላስቲኩ ጠርሙስ ነገር ግን የተለየ ነው። ሕዝቡ በቀድሞው የውሃ ስም «ሃይላንድ» የሚለው ይህ ዕቃ ተጠጥቶ ሲያልቅ ለፋብሪካው አይመለስም። በከተማ የሚሰበስቡት ሰዎች አሉ፤ ከከተማ በራቀው መንገድ ዳር ግን በየቦዩ ወድቆ ይታያል። መመለሻ ያጣው ጠርሙስ ዛሬ በአገራችን ይህ ነው ማለት ይቻላል። በናይጄርያ ከካዱና ከተማ አጠገብ በየልዋ መንደር በ2011 የፕላስቲክ ጠርሙስ በአሸዋ እየተሞላ በጭቃና በስሚንቶ ተያይዞ ቤት ተሠርቶበታል። በእኛም አገር የሚሞክረው ሰው ቢነሣ ኬሊ የጀመረበትን መንገድ ቢከተል ይሻላል፤ ማለት በአቅራቢያው የተጣለውን ዕቃና ከእግሩ በታች ያለውን አፈር ያስቀድም።

መደምደሚያ

ከሮማ እስከ ራዮላይት፣ ከኩራሳው እስከ መርካቶ ባደረግነው ጉዞ የጠርሙስ ግንብ የመንገድ ታሪክ መሆኑን ለማሳየት ሞክረናል። ዕቃው የሚመጣበት መንገድ ተከፍቶ የሚመለስበት ሲዘጋ አንድ ሰው ጐንበስ ብሎ ያነሣውና ግድግዳ ያደርገዋል። የሚመለስበት መንገድ ክፍት በሆነበት ቦታ ግን ግንቡ አይታይም፤ አለመታየቱም ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ቆራሌው በየቀኑ በእግሩ እየሄደ የሚሠራው ሥራ ዎቦን ከነደፉት ሰዎች አሳብ የሚያንስ ሆኖ አይታየንም፤ የእርሱ ጠርሙስ ገበያ ላይ ውሏልና።

ይህ ጥናት የመጀመሪያ ሙከራ ስለ ሆነ ከመምህሮቻችንና ከተማሪ ጓደኞቻችን እርማት እንጠብቃለን። በተለይም በየአገራቸው፣ በየሰፈራቸው ከባዶ ጠርሙስ የተሠራ ግድግዳ ወይም አጥር ያዩ ሁሉ፣ ጠርሙሱ ከየት መጥቶ ለምን እንዳልተመለሰ ሽማግሌዎቹን ጠይቀው ቢጽፉልን ያላየነውን ወገን ያሳዩናል።